ሩጫ ላይ የሚዝለው ጡንቻችን ነው ወይስ አንጎላችን?

ጠያቂ፦ የማለዳ ሯጭ

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለረዥም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። እኔ በሂሳብ ሥራ የምተዳደር የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ላለፉት ሁለት ዓመታት በሳምንት ሦስት ቀን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ እሮጣለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጂም ገብቼ ክብደት አነሣለሁ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ነገሮች ግራ አጋብተውኛል።

የመጀመሪያው በታላቁ ሩጫ ላይ የገጠመኝ ነው። ስምንተኛውን ኪሎ ሜትር ካለፍኩ በኋላ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ አንዲት እርምጃ እንኳ ፈጠን ማለት የማይቻል መስሎኝ ነበር፤ የመጨረሻውን መስመር ባየሁ ጊዜ ግን ከየት እንደመጣ በማላውቀው ጉልበት ተፈትልኬ ብዙ ሰው አልፌ ገባሁ። ጡንቻዬ በእውነት አልቆለት ከነበረ ያ ጉልበት የት ቆይቶ መጣ? ሁለተኛው የሰኔ ወር ነገር ነው። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ በመሆኑ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሂሳብ ሳስታርቅ እውላለሁ፤ እግሬ ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይሠራ ውሎ ማታ ለሩጫ ስወጣ ድንጋይ የታሰረበት ያህል ይከብደኛል። ሦስተኛው ደግሞ ክብደት ካነሣሁ በኋላ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ የቡና ስኒ እንኳ በቅጡ መያዝ ማቃቴ ነው፤ ስኒው ራሱ ከወትሮው የከበደ ይመስለኛል።

የጂሙ አሠልጣኝ «ላክቲክ አሲድ ስለተጠራቀመ ነው» ይለኛል። አብሮኝ የሚሮጥ ጓደኛዬ ደግሞ «ድካም ያለው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው፤ አትስማው» ይለኛል። የጓደኛዬን ምክር ተቀብዬ አንድ ቀን ጉልበቴ እየተብረከረከ ቁልቁለቱን በፍጥነት ስወርድ እግሬ ታጥፎ ወደቅኩ፤ ቁርጭምጭሚቴን ወለም ብሎኝ ሦስት ሳምንት ያህል ከሩጫ ቀረሁ። ጡንቻ ሲዝል አንጎልና ነርቭ የሚያደርጉት ምን እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


መልስ 1፦ የሥነ አካል መምህር

ጠያቂያችን፣ ሁለቱም መካሪዎችዎ ከእውነቱ ጫፍ ጫፉን ይዘዋል፤ ይሁንና ጡንቻንና አንጎልን ለየብቻ አስቀምጠው ጉዳዩን ሁሉ ለአንዱ ስለሚሰጡ ሁለቱም ያሳስቱዎታል። ይህን ርእስ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው ከራሳችን ቋንቋ ነው። «ክንዴ ዛለ» ስንል ኃይል ማውጣት አቃተው ማለታችን ነው፤ «ደከመኝ» ስንል ደግሞ የሚሰማንን እንናገራለን። ስለዚህ እኔ ከዚህ በታች «ዝለት» የምለው በመሣሪያ ሊለካ የሚችለውን የኃይል መቀነስ ሲሆን «ድካም» የምለው ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀውን ስሜት ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ቢሄዱም አንዱ ያለ ሌላው ሊመጣ ይችላል።

አንድ እርምጃ ለመራመድ ትእዛዙ የሚነሣው ሞተር ኮርቴክስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ከዚያ በህብለ ሰረሰር በኩል ወርዶ ሞተር ኒውሮን ለሚባሉት የነርቭ ሴሎች ይደርሳል፤ እያንዳንዱም ሞተር ኒውሮን በሥሩ ያሉትን የጡንቻ ክሮች ያዛል። ነርቩ ከጡንቻው ጋር በሚገናኝበት ቦታ አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል ይለቀቃል፤ ይህም በጡንቻው ክር ውስጥ ተከማችቶ የቆየውን ካልሲየም ያስለቅቃል፤ ካልሲየሙ ሲለቀቅ ጡንቻው ይኮማተራል። በዚህ ሰንሰለት ላይ የትኛውም ቀለበት ቢላላ ኃይል ይቀንሳል። ጉድለቱ በጡንቻው በኩል ከሆነ የዳር ዝለት፣ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር በኩል ከሆነ ደግሞ ማእከላዊ ዝለት እንለዋለን።

ሁለቱን ለይቶ ለመለካት የተደረገው ጥረት ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ጣሊያናዊው አንጄሎ ሞሶ በቱሪን ከተማ ኤርጎግራፍ የተባለ መሣሪያ ሠርቶ፣ ሰው በመካከለኛ ጣቱ ተንጠልጣይ ክብደት ደጋግሞ ሲስብ ጣቱ እስኪዝል ድረስ ያለውን ለውጥ በወረቀት ላይ ያስመዘግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ካሳተማቸው ግኝቶቹ አንዱ፣ አንድ ባልደረባው ተማሪዎችን ለረዥም ሰዓት በቃል ፈትኖ ሲመጣ የጣቱ ጉልበት ከወትሮው ቀንሶ መገኘቱ ነው። ጣቱ በዚያ ቀን ምንም ከባድ ነገር አልሠራም፤ ልክ እንደ እርስዎ የሰኔ እግር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1954 እስከ ዛሬ የምንጠቀምበትን ዘዴ በሰፊው አስተዋወቀ። በጎ ፈቃደኛው አውራ ጣቱን ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ መዳፉ እንዲጫን ይደረግና፣ ያንን ጡንቻ በሚያዘው ነርቭ ላይ በእጅ አንጓ በኩል አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይላካል። ምቱ ተጨማሪ ኃይል ካመጣ ሰውየው ጡንቻውን ሙሉ በሙሉ አላዘዘውም ማለት ነው፤ ምንም ካልጨመረ ግን ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ሙሉ ነው። ሜርተን ጡንቻው ከዛለም በኋላ ምቱ ምንም ሳይጨምር ስላገኘው ዝለት ሁሉ ከጡንቻው ነው ወደሚል ድምዳሜ አዘነበለ። ኋላ ግን በሌሎች ጡንቻዎች ላይ፣ በተለይ በክንድና በጭን ላይ፣ ይበልጥ ስሱ በሆኑ መሣሪያዎች ሲለካ ከዝለት ጋር እያደገ የሚሄድ ተጨማሪ ኃይል ተገኘ። ሰውየው የመጨረሻ አቅሙን እየተጠቀመ መሆኑን በቅንነት እያመነ፣ ጡንቻው ግን ትርፍ አለው ማለት ነው። በአውስትራሊያ የሳይመን ጋንዴቪያ የምርምር ቡድን ደግሞ በመግነጢሳዊ ምት የራስ ቅልን ሳይከፍት ሞተር ኮርቴክስን በመቀስቀስ፣ ለዚህ ትርፍ ከፊሉ ምክንያት ትእዛዙ ከአንጎሉ ቅርፊት ራሱ እንኳ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መቅረቱ መሆኑን አሳየ።

ህብለ ሰረሰር ውስጥም ለውጥ አለ። አንድን ጡንቻ በሙሉ ኃይል ለአንድ ደቂቃ ያህል ጨብጠን ስንይዝ፣ ሞተር ኒውሮኖቹ በሰከንድ የሚልኩት የምት ብዛት ወደ ግማሽ እስኪጠጋ ድረስ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ጉድለት ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ የዛለ ጡንቻ ከተኮማተረ በኋላ ለመፍታታት ብዙ ጊዜ ስለሚወስድበት በዝግታ የሚመጡ ምቶችም አያይዘው ሊያሠሩት ይችላሉና፣ ከፊሉ ነርቩ ከጡንቻው ፍጥነት ጋር የሚያደርገው መጣጣም ሊሆን ይችላል።

ስለ ላክቲክ አሲድ ባጭሩ ልናገር። ላክቲክ አሲድ በሰውነት ውስጥ የሚገኘው ላክቴት በሚባል መልክ ነው፤ ላክቴት ደግሞ ልብ፣ አንጎልና ሌሎች ጡንቻዎች እንደ ነዳጅ የሚጠቀሙበት ንጥረ ነገር ነው፤ ሥራው ባቆመ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥም ወደ መነሻው ይመለሳልና በማግስቱ ለሚሰማ ሕመም ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። ኃይልን በመቀነስ በኩል ዛሬ ዋና ተጠርጣሪ የሆነው፣ ለጡንቻ ፈጣን ጉልበት የሚሰጠው ክሬቲን ፎስፌት ሲሰባበር የሚጠራቀመው ፎስፌት ነው፤ ይህ ፎስፌት የጡንቻ ክሮቹን መያያዝ ከማላላቱም በላይ የካልሲየሙን መለቀቅ ያደናቅፋል። በረዥም ሩጫ ላይ ደግሞ በጡንቻው ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ የተከማቸው ስኳር ማለቁ ይጨመርበታል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እምብርት እንምጣ። ከጡንቻ ወደ ላይ የሚሄዱ፣ ቡድን ሦስትና ቡድን አራት የሚባሉ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። በጡንቻው ውስጥ የሚጠራቀሙትን ነገሮች፣ ሙቀቱንና ግፊቱን እየቀመሱ ለህብለ ሰረሰርና ለአንጎል ይነግራሉ። መልእክታቸው ትንፋሽንና የልብ ምትን ከፍ ስለሚያደርግ ለጡንቻው ደም ያስገኝለታል፤ በሌላ በኩል ግን ከላይ የሚወርደውን ትእዛዝ ያለዝባል። ይህን መልእክት ብንዘጋው ምን ይሆናል? ማርከስ አማን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ሞከሩት። የሠለጠኑ ብስክሌተኞች በወገባቸው በኩል በህብለ ሰረሰራቸው ዙሪያ ፌንታኒል የተባለው ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው 5 ኪሎ ሜትር በሚችሉት ፍጥነት ሁሉ እንዲነዱ ተደረገ። መድኃኒቱ ወደ ታች የሚወርደውን ትእዛዝ አይነካም፤ የሚያፍነው ወደ ላይ የሚወጣውን መልእክት ነው። ብስክሌተኞቹ የመጀመሪያውን አጋማሽ ከወትሮው በበለጠ ኃይል ነዱት፤ በሁለተኛው አጋማሽ ግን ኃይላቸው ወረደና አጠቃላይ ሰዓታቸው ምንም ሳይሻሻል ቀረ። ከውድድሩ በኋላ የጭናቸው ጡንቻ በኤሌክትሪክ ምት ሲለካ ኃይሉ በተለመደው ቀን 33 በመቶ ገደማ ቀንሶ የነበረው በማደንዘዣው ቀን 46 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ከብስክሌቱ ሲወርዱ በቅጡ መራመድ እንኳ ያቃታቸው ነበሩ።

ስለዚህ ጓደኛዎ «ጭንቅላትህ ውስጥ ነው» ማለቱ በከፊል ልክ ቢሆንም «አትስማው» ማለቱ ግን ትልቅ ስህተት ነው። ያ ከላይ የሚመጣ መለዘብ ከጡንቻው በተላከ እውነተኛ ወሬ ላይ የተመሠረተ ነው።


መልስ 2፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከፍራንክፈርት

መምህራችን ያሉትን ሁሉ እያከበርኩ፣ በየቀኑ በሥራዬ ላይ የማየውን የመንቀጥቀጥና የስኒውን ጉዳይ ላብራራ።

ማንኛውም ጤናማ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲይዝ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ገደማ የሚደጋገም፣ ዓይን የማያየው መንቀጥቀጥ አለበት። በተለመደው ጊዜ ሞተር ኒውሮኖቹ ተራ በተራ እየተፈራረቁ ስለሚሠሩ የአንዱ ምት በሌላው ተሸፍኖ እንቅስቃሴው ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ጡንቻው ሲዝል ግን ያንኑ ሥራ ለመሥራት እስካሁን አርፈው የነበሩ ትላልቅ ሞተር ኒውሮኖች ይጠራሉ፤ ብዙዎቹም በአንድ ጊዜ መምታት ይጀምራሉ። ጡንቻው ሲለጠጥ ያለ ፈቃዳችን የሚነሣው ቅጽበታዊ ምላሽ (ሪፍሌክስ) ደግሞ ማወዛወዙን ያባብሰዋል። ለዚህ ነው የቅዳሜ ስኒዎ የሚንጫጫው። ከእረፍት በኋላ እየበረደ የሚሄድ እስከሆነ ድረስ አያስፈራም።

ስኒው የመክበዱ ነገር ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው፤ እኔ በግሌ በዚህ ርእስ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። የአንድን ነገር ክብደት የምንገምተው ከቆዳችንና ከጡንቻችን በሚመጣው ስሜት ብቻ አይደለም፤ አንጎል ትእዛዝ ሲልክ የትእዛዙን ቅጂ ለራሱ ያስቀራል፤ የላከው ትእዛዝ በበዛ መጠንም ነገሩ የከበደ ይመስለዋል። የዛለ ክንድ ያንኑ ስኒ ለማንሣት ከወትሮው የበለጠ ትእዛዝ ይፈልጋል፤ አንጎልም «ብዙ አዘዝኩ፤ እንግዲያውስ ከባድ ነው» ይላል። ቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። በውኃ የተሞሉ ሁለት እኩል የሆኑ ጠርሙሶች ያዘጋጁ፤ አንዱን ክንድዎን በክብደት እስኪዝል ካሠሩት በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው ሁለቱንም ጠርሙሶች በሁለት እጅዎ ያንሡ። በዛለው እጅዎ ያለው እንደሚበልጥ ይምላሉ። ጡንቻን በከፊል በሚያሰንፍ መድኃኒት በተደረጉ ሙከራዎችም ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል፤ ስለዚህ ስሜቱ የሚመነጨው ከጡንቻው ሕመም ይልቅ ከሚላከው ትእዛዝ መጠን ነው።

በዚሁ ስለ ውድቀትዎ አንድ ነገር ልበል። ቁልቁለት ሲወርዱ የጭንዎ ጡንቻ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ ከዳገቱ ይልቅ ለትንፋሽ የቀለለ ቢመስልም የጡንቻ ክሮችን ይበልጥ ይጎዳል፤ በማግስቱና በሠልስቱ የሚብሰውንም ሕመም የሚያመጣው እሱ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የዛለ ጡንቻ ያለበት መገጣጠሚያ የት ቦታ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደታጠፈ ለአንጎል የሚደርሰው ወሬ ይዛባል። ማለትም እግርዎ መሬት ሊነካ ሲል አንጎልዎ ቁርጭምጭሚቱን በትክክለኛው ቦታ አላገኘውም፤ ቢያገኘውም የዛለው ጡንቻ ለማረም ዘገየ። በዳገቱ ላይ «አትስማው» የሚለው ምክር ቢበዛ የሚያስከፍለው ትንፋሽ ነው፤ በቁልቁለቱ ላይ ግን እንዳዩት አጥንትና ጅማት ያስከፍላል።

ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፦ ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረና ጡንቻችሁ ካበጠ፣ ወይም የዓይን ቆብ እየወደቀ፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ እየታየ ወደ ማታ የሚብስ ድካም ካላችሁ፣ ወይም ድክመቱ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ይህ ስለ ልምምድ የምናወራው ዝለት አይደለምና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።


መልስ 3፦ የረዥም ርቀት አሠልጣኝ

እኔ ላቦራቶሪ ገብቼ አላውቅም፤ ሜዳ ላይ ግን ለብዙ ዓመታት ሯጮች ተከታትያለሁ፤ ስለ መጨረሻው ፍጥነት የምናገረው ከዚያ ተነሥቼ ነው።

ጠያቂያችን የገጠማቸው ነገር በትልቁ መድረክ የታየው እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 2000 በሲድኒ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፖል ቴርጋት 10,000 ሜትሩን ሮጠው የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ላይ ትከሻ ለትከሻ ደረሱ፤ ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ገቡ። ከ25 ዙር በኋላ በመካከላቸው የነበረው 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ሁለቱም የመጨረሻውን ቀጥታ መስመር የሮጡት ሙሉውን ውድድር ከሮጡበት ፍጥነት በብዙ በሚበልጥ ፍጥነት ነበር። ጡንቻቸው ባዶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ብዬ አምናለሁ። የደቡብ አፍሪካው የስፖርት ሳይንስ ምሁር ቲም ኖክስ አንጎል ሰውነትን ከጥፋት ለመጠበቅ ፍጥነቱን አስቀድሞ እንደሚገድብ ሲያስተምር ሜዳ ላይ የማየውን የሚናገር መስሎኝ ነበር። መስመሩ ሲታይ አንጎል «ከዚህ በኋላ የሚያሰጋ ነገር የለም» ብሎ የቆጠበውን ይለቃል።

ሌላው ከልምዴ የምመሰክረው የሙቀት ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ብርድ የሠለጠነ ሯጭ ሞቃትና እርጥብ አገር ሲሄድ እግሩ ሳይሆን መላ ሰውነቱ ነው እምቢ የሚለው። በዶሃ እ.ኤ.አ. በ2019 የሴቶች ማራቶን በእኩለ ሌሊት ተጀምሮ እንኳ ከ68 ሯጮች የጨረሱት 40 ብቻ ነበሩ፤ የእኛም ሦስቱ ልጆች አቋርጠዋል። በዚያን ጊዜ «ወኔ አነሳቸው» ብለው የጻፉ ሰዎች ነበሩ፤ ያን ያነበብኩ ቀን ያዘንኩትን ሐዘን እስካሁን አልረሳሁትም። መምህሩ በዚህ ላይ ሳይንሱ የሚለውን ቢነግሩን ደስ ይለኛል።


መልስ 4፦ የሥነ አካል መምህር

አሠልጣኝ፣ ሐዘንዎ ተገቢ ነው፤ ሳይንሱም ከእርስዎ ጋር ነው። በኮፐንሃገን ኒቦ እና ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ብስክሌተኞች የውስጥ ሙቀታቸው 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ በሙቀት ውስጥ ከነዱ በኋላ የጭናቸውን ጡንቻ ለሁለት ደቂቃ በሙሉ ኃይል እንዲጨብጡ ተደረገ። በመጨረሻ በፈቃዳቸው ማሠራት የቻሉት የጡንቻውን አቅም 54 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ ውስጣቸው 38 ዲግሪ አካባቢ በነበረበት ቀን ግን 82 በመቶ ገደማ ደርሰዋል። በኤሌክትሪክ ሲቀሰቀስ ጡንቻው ሊያወጣ የሚችለው ኃይል በሁለቱም ቀን ተመሳሳይ ነበር። የጋለ አንጎል ትእዛዝ መላኩን ይቀንሳል ማለት ነው፤ ሰውየው ምንም ያህል ወኔ ቢኖረው ይህን በፈቃዱ ሊያሸንፈው አይችልም።

ስለ መጨረሻው ፍጥነት ግን በአንድ ነጥብ ላይ እለያለሁ። አንድ ሯጭ መጨረሻ ላይ መፍጠኑ ጡንቻው አልዛለም ነበር ማለት አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ ቆጥቦት የነበረውን ያለ ኦክስጅን የሚገኝ ጉልበት መጠቀሙንና ያልተጠሩ ሞተር ኒውሮኖችን መጥራቱን ያሳያል። ጡንቻው ዝሎም ትርፍ ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱ አይጋጩም። የኖክስንም ሐሳብ ብዙ የሙያው ሰዎች እንደሚከራከሩበት ማወቅ ይገባል። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሳሙኤሌ ማርኮራ ነው፤ እሱ እንደሚለው ሰው የሚያቆመው የማያውቀው ተቆጣጣሪ ስለሚያዘው ሳይሆን፣ የሚሰማው ልፋት ሊከፍል ከፈቀደው በላይ ሲሆንበት ራሱ ስለሚወስን ነው። መስመሩ ሲታይ የሚቀረው ልፋት ትንሽ ስለሆነ ለመክፈል ይፈቅዳል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፤ ምክንያቱም እህታችን ስለ ስኒው ካስረዱት ጋር ይገጥማል፦ ልፋት የትእዛዝ መጠን ነው፤ ጡንቻው በዛለ ቁጥር ትእዛዙ ይበዛል፤ ትእዛዙ በበዛ ቁጥር ልፋቱ ይከብዳል።

በዚህ ላይ ከጥንቶቹ ሙከራዎች አንዱን ልጨምር። ኢካይ እና ስታይንሃውስ እ.ኤ.አ. በ1961 ሰዎች በየደቂቃው ክንዳቸውን በሙሉ ኃይል እንዲስቡ እያደረጉ፣ አንዳንዴ ከመሳባቸው ጥቂት ሰከንድ በፊት ከኋላቸው ሽጉጥ ይተኩሱ ነበር። ከተኩሱ በኋላ ኃይላቸው በአማካይ 7 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ ራሳቸው እየጮኹ ሲስቡ ደግሞ 12 በመቶ ገደማ። በገበያና በግንባታ ሥፍራ ሸክም የሚያነሡ ሰዎች ለምን «ሆ!» ብለው እንደሚያነሡ ያስረዳ ይመስለኛል።


የማለዳ ሯጭ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስኒውንና ውድቀቴን አሁን ተረድቼዋለሁ፤ የጠርሙሱንም ሙከራ ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር ሞክረነው እንደተባለው ሆነ። የቀረኝ የሰኔው ነገር ነው። ጡንቻዬ ምንም ሳይሠራ ከዋለ ከጡንቻው የሚላክ ክፉ ወሬ የለም፤ ታዲያ አንጎሌ ለምን ያለዝበኛል? ቡና ቢረዳኝስ?


መልስ 5፦ የሥነ አካል መምህር

ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ በዚህ ጊዜ ከጡንቻው የሚመጣው ወሬ አልተለወጠም። ማርኮራ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 የእርስዎን ሰኔ በላቦራቶሪ ውስጥ ፈጥረውታል ማለት ይቻላል። 16 ሰዎች አንድ ቀን ለ90 ደቂቃ ትኩረት የሚጠይቅ አሰልቺ የኮምፒውተር ሥራ ሠሩ፤ ሌላ ቀን ያንኑ ያህል ጊዜ ዘጋቢ ፊልም አዩ፤ በሁለቱም ቀን ከዚያ በኋላ እኩል ከባድ በሆነ ብስክሌት ላይ እስኪያቅታቸው ነዱ። ፊልም ካዩ በኋላ በአማካይ 754 ሰከንድ ሲቆዩ፣ ከኮምፒውተሩ ሥራ በኋላ 640 ሰከንድ ብቻ ቆዩ። የልብ ምታቸውም ሆነ በደማቸው ያለው ላክቴት ለዚህ ልዩነት ምክንያት የሚሆን ለውጥ አላሳየም። የተለወጠው ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምሮ የሚሰማቸው ልፋት መጨመሩ ነው። እንግዲህ የእርስዎ እግር በሰኔ አልዛለም፤ ልፋቱ ግን ከፍ ካለ ቦታ ስለሚጀምር ሊከፍሉት ከፈቀዱት ልክ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። ዝለት ሳይኖር ድካም የሚመጣው እንዲህ ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ከቀረቡት ማብራሪያዎች መካከል ዋነኛው፣ ረዥም የአእምሮ ሥራ በአንጎል ውስጥ አዴኖሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ያከማቻል የሚለው ነው። አዴኖሲን የነርቭ ሴሎችን ያረጋጋል፤ የቡናው ካፌይን ደግሞ አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። በዚህ መንገድ ካፌይን የልፋትን ስሜት ይቀንሳል፤ በስፖርት ጥናቶች የሚሠራው መጠን በኪሎ ግራም ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ180 እስከ 360 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከፀረ አበረታች ቅመሞች ዝርዝር ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለወጣም የሚከለክልዎ የለም። ነገር ግን ማታ ሮጠው ሌሊት እንቅልፍ ካጡ የነገውን ልፋት ዛሬ እየተበደሩ ነው፤ ስለዚህ የጀበናውን አቦል ለማለዳ ሩጫ ያቆዩት።

የሚገርም ሌላ መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት፣ አንድ ሰዓት ገደማ በሚወስድ የብስክሌት ግልቢያ ላይ የካርቦሃይድሬት መጠጥ በአፋቸው አጉመጥምጠው የተፉ፣ ያልዋጡ ሰዎች፣ በውኃ ከተጉመጠመጡበት ቀን 3 በመቶ ገደማ የተሻለ ሰዓት አስመዝግበዋል። ወደ ጡንቻው የደረሰ ምንም ስኳር አልነበረም። በኋላ በኤምአርአይ በተደረገ ምርመራ፣ ካርቦሃይድሬቱ አፍ ውስጥ ሲገባ ከሽልማት ስሜትና ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎች እንደሚነቃቁ ታይቷል።

እኔን ከጠየቁኝ ግን በሰኔ ከባዱን የዳገት ልምምድ ማለዳ፣ ሂሳቡን ሳይከፍቱ ያድርጉት። ማታ መሮጥ ካለብዎ ሰዓት አይያዙ፤ የሚሰማዎትን ልፋት ከ6 እስከ 20 በሚቆጠረው የቦርግ መለኪያ 12 ወይም 13 አካባቢ አድርገው ይሩጡ፤ ፍጥነቱ ከወትሮው ቢያንስ እግርዎ ደክሞ እንዳልሆነ አሁን ያውቃሉ።


መልስ 6፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከፍራንክፈርት

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልሰናበት። ቁልቁለቱን ፈርተው እንዳይተዉት። ከአሥር ደቂቃ በማይበልጥ ቀስ ያለ ቁልቁለት ይጀምሩ፤ ጡንቻው ያንን ዓይነት መለጠጥ አንዴ ከቀመሰ በኋላ ለሳምንታት የሚቆይ መከላከያ ያበጃል፤ ሁለተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው አያሳምምም። ልምምዱንም ሩጫው ሲጀመር፣ እግርዎ ገና ትኩስ ሳለ ያድርጉት። በአንድ እግር ቆመው ዓይንዎን ጨፍነው ሠላሳ ሰከንድ ያህል ሚዛንዎን መጠበቅ እስኪችሉ ድረስ ደግሞ ወለም ያለውን ቁርጭምጭሚት በየማታው ቤትዎ ያለማምዱት፤ መጀመሪያ ላይ ግድግዳ አጠገብ ይቁሙ።